ማህተሙ ላይ ያለው ቁጥር

ጂንካ
ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀብተ ማርያም፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላ የሚወራ ሕመም የለብኝም። "ምነው፣ ዛሬ ከየት ተገኘሽ?" ማለትህ አይቀርም፤ ብትል መብትህ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ ሴትዮ ዛሬ ብድግ ብዬ የምጽፈው ለሥራ ጉዳይ ነው። ስልክ ቁጥርህ የፔንስዮናችን ዌብሳይት ላይ ወጥቷል። ይነሳ ወይስ ይቆይ? ሠሪው የካቲት አሥር ላይ መጥቶ ሊያነሳው ነው። ከዚያ በፊት መልስህን እፈልጋለሁ። ደብዳቤውን የምታደርስልህ ሐቢባ ናት፤ ታውቃታለህ፣ ወደ እሷም እመጣለሁ።

መጀመሪያ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ሆን ብዬ ያደረግኩት እንዳይመስልህ።

ጉታን ታስታውሰዋለህ፣ ከበራችን ፊት ለፊት ጋራዥ ያለውን። ባለፈው ክረምት ጉታ ዌብሳይት አሠራ። አይ የጉታ ነገር! ጎማ ሊያስነፋ የመጣውን ሁሉ እያስቆመ፣ ስልኩን እያወጣ "እስቲ እየኝ፣ ዓለም ሁሉ እኮ እያየኝ ነው" ይላል። ፎቶው ላይ ቱታው ታጥቦ ተተኩሷል፤ እንደዚያ ሆኖ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው። ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ የሚመጣው እንግዳ ሌላ ዓይነት ነው። ክፍሉን በስልኩ ካላየ አያምንም፤ ገና ቀይ አፈር ከተማ ላይ ምሳ እየበላ ማታ የሚያርፍበትን መርጦ ይጨርሳል። እኛን ታዲያ ማን ያግኘን? ታፔላችንን እንኳ አምና ነፋስ ጥሎታል።

ስለዚህ ሩፋኤል ዘንድ ሄድኩ። ሩፋኤል አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ሰው ነው። የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፣ ከዚያ ጎን ለጎን ለባለሱቆች ዌብሳይት ይሠራል። ለጉታም የሠራለት እሱ ነው፤ ለገዘር ከተማ አንድ ማር ነጋዴም ሠርቷል። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ግን ጥያቄው አያልቅም። "ድርጅቱን ማን መሠረተው?" አባቴ። "መቼ?" ደርግ በወደቀ በዓመቱ። "ከሌሎች በምን ትለያላችሁ?" በምን እንለያለን፣ አልጋ ነው፣ አንሶላ ነው፣ እናጥባለን።

"እንደሱ ተብሎ አይጻፍም፣ እትዬ ተዋበች" አለኝ።

"ታዲያ ልዋሽልህ?" አልኩት።

ፎቶ ሲያነሳም ተጣላን። ሦስት ቁጥር ክፍልን ጥግ ላይ ተለጥፎ አንስቶ ሲያሳየኝ የሰርግ አዳራሽ አክሏል። "ይህን አይቶ የመጣ ሰው ደጃፌ ላይ ቆሞ ነው የሚሰድበኝ፤ እንደገና አንሳ" አልኩት። እየሳቀ አነሳ። አሁን የወጣው ፎቶ ላይ አልጋውና ግድግዳው ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም፤ እውነቱ እሱ ነው።

ከዚያ "ሎጎ አላችሁ?" አለኝ። ምንድነው ስለው፣ ድርጅቱ የሚታወቅበት ምልክት ነው አለ። እኔ የምታወቅበት ምን አለኝ? መሳቢያውን ከፍቼ ማህተሙን አወጣሁለት። ሰውዬው ደነገጠ። "ኧረ ይሄ ዌብሳይት ላይ አይደረግም! አጭበርባሪ ቢገለብጠውስ?" አለ። በጄ አላልኩም፤ ታውቀኛለህ። እኔ እዚህ ቤት ውስጥ ስንት የመንግሥት ሠራተኛ አሳድሬያለሁ። ደረሰኝ ስሰጠው ስሙን ሳያነብ መጀመሪያ የሚፈልገው ክቡን ነው፤ ማህተሙ ደብዘዝ ካለ "እንደገና ይምቱልኝ" ይላል። እንዲህ ላለ ሰው ማህተም የሌለው ነገር አሳይቼ ና ልለው ነው? "ማህተም ከሌለው የአባቴ ስም አይወጣበትም" ብዬ ቁርጡን ነገርኩት። ተሸነፈ። ነጭ ወረቀት ላይ አስመታኝ፣ ፎቶ አነሳው፣ ከላይ ከስማችን አጠገብ ትልቅ አድርጎ አስቀመጠው። የእኔን ስልክ ከታች በትንሹ ጻፈው። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንግዳ መምጣት ጀመረ። ጥሩ ነው። ችግሩ ስልኬ አይጮህም። ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ይቆሙና "ደውለን ነው የመጣነው" ይላሉ። ለማን? "ለሰውዬው።" የምን ሰውዬ? እዚህ ግቢ ከእኔና ክፍል ከምታጸዳልኝ ከፀደይ በቀር ማን አለ? የመጀመሪያዎቹን ቤት ተሳስተው ነው አልኩ። ሁለተኛዎቹንም እንዲሁ። ከዚያ አንድ የእንስሳት ሐኪም ከካንጋተን መጣ። የስድስት ቁጥርን ቁልፍ ስሰጠው "በሩን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ነው የምዘጋው፣ አይደል?" አለኝ።

ያ በር ከፍ ተደርጎ እንደሚዘጋ ከዚህ ግቢ ውጭ ሆኖ ለእንግዳ የሚነግር አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሐኪሙን ክፍሉ ድረስ ሸኝቼ ኩሽና ገባሁና ቢላ ፍለጋ ጀመርኩ። መሳቢያ ከፈትኩ፣ ሳፋ ገለበጥኩ። ፀደይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና "እትዬ፣ እጅዎ ላይ ነው እኮ" አለችኝ።

በማግስቱ ሩፋኤልን አስጠራሁት። ማህተሙን ስልኩ ላይ በሁለት ጣቱ አሰፋና አሳየኝ። ዙሪያውን "እፎይ ፔንስዮን፣ ጂንካ" ይላል፤ መሐሉ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ያንተ። ያኔ ስናስቀርጸው በዚህ ግቢ ሞባይል የነበረህ አንተ ብቻ ነበርክ። ሰው ሁሉ ከላይ ያየውን ትልቁን ቁጥር ይደውላል፣ አንተ ታነሳለህ። "እስከ ዛሬ እንዴት አላስቀየሩትም?" አለኝ ሩፋኤል። ረስቼው ነው አልኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም። እዚያው ሊያነሳው ስልኩን ሲነካካ "ቆይ፣ ሰውዬውን ላማክር" አልኩት። እስከ የካቲት አሥር ጊዜ ሰጠኝ። እንግዲህ ካነሳው አንተ ጋ የሚደውል እንግዳ አይኖርም፣ እኔም ስለ አንተ የምሰማበት መንገድ አይኖርም። ነገሩ ይኸው ነው።

ካንጋተን ለስድስት ወር ብለህ ነበር የሄድከው። የውሃ ጉድጓድ ነው፣ ሥራ ነው፣ ሂድ አልኩ። ወደ አሶሳ ሲያዛውሩህ "ነይ፣ አብረን እንሂድ" አልከኝ። እኔ ደግሞ "የአባቴን ቤት ለማን ጥዬ?" አልኩ። ተናደድክ። "ስትፈልጊኝ ደውይ" ብለህ መኪና ላይ ወጣህ። እኔ አልደወልኩም፣ አንተም አልደወልክም። ልጅ አልሰጠን፤ ሰጥቶን ቢሆን እንኳ በመሐል እየተመላለሰ ወሬ ያደርስልን ነበር። ይህን የማነሳው ልወቅስህ አይደለም። ከወቀስኩም ግማሹ የራሴ ነው።

ሐቢባ ግን ወሬ አደረሰችልኝ። ዩኒቨርሲቲው ሲቀጥራት እዚያው አሶሳ ቤተሰቦቿ ጋ ሆና ማረፊያ ስትፈልግ እኛን አገኘች፣ ደወለች፣ አንተ አነሳህ። "ጂንካ ምን ያህል ይሞቃል?" ብትልህ "እኔ አሁን አሶሳ ነኝ፣ ልጄ" አልካት። መናኸሪያ ድረስ ሄደህ ሸኝተሃታል። መነጽር አድርገሃል አለችኝ፣ ጺምህም ነጭ ሆኗል። "ለእኔ የላከው ነገር አለ?" አልኳት። "እቃ አልሰጡኝም፣ ግን ስለ ቤቱ ሲያወሩ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነበር" አለች። እኛ ጋ ሦስት ሳምንት ተቀምጣ ቤት ተከራየች፤ አሁንም እሁድ እሁድ ብቅ ትላለች። ጥሩ ልጅ ናት። ለእረፍት ወደ ቤቷ ስትሄድ ነው ይህን የያዘችልኝ።

እንግዲህ መልስህ "ይቆይ" ከሆነ የምትነግራቸውን ማስተካከል አለብህ። ሰው እያሳሳትክብኝ ነው።

"ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በእግራችሁ ትደርሳላችሁ" አትበል። አውሮፕላን ከተማው መሐል ማረፍ ካቆመ ቆይቷል፤ አዲሱ ማረፊያ ከከተማ ውጭ ነው። ባጃጅ ያዙ በላቸው። ባለፈው ወር አንዲት ነፍሰ ጡር መምህርት አንተን አምና ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች፤ ስትደርስ ከንፈሯ ደርቆ መናገር አቅቷት ነበር። አፈርኩ።

"ማንጎዋ ሥር ቁርስ ትበላላችሁ" አትበል። ማንጎዋ የለችም። ምስጥ ውስጧን ጨርሶት በ2013 አስቆረጥኳት። ጉቶው አለ፣ እንግዳ ጫማውን ሲያስር ይቀመጥበታል። የተከልካት አንተ ስለሆንክ ልነግርህ ይገባ ነበር።

በርሜሉም ተነስቷል። ሮቶ አስተክለናል፣ ክፍሉ ሁሉ ሻወር አለው። የውሃ ሰው ሆነህ "በባልዲ ይሰጧችኋል" ስትል ትንሽ አታፍርም?

ለአንድ ኢንጂነር ደግሞ "አባቷን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ታገኛቸዋለህ፣ ሬዲዮ ይወዳሉ፣ አጫውታቸው" ብለኸዋል። ሰውዬው ከአዲስ አበባ የሬዲዮ ባትሪ ገዝቶላቸው መጣ። "አባባስ የታሉ?" ሲለኝ ነው አለመስማትህን ያወቅኩት። አባቴ አርፈዋል፣ ሀብቴ። ሰኔ 2012 ላይ፣ ታመው ሳይተኙ፣ እዚያው ወንበራቸው ላይ። ያን ቀን አንተ ጋ ደውዬ ነበር። ከመጥራቱ በፊት ዘጋሁት። ስትፈልጊኝ ደውይ ያልከኝ ትዝ አለኝና፣ ለሞት ብቻ የምደውል መሆኔ አሳፈረኝ። ቀብሩ ላይ ጂንካ ሁሉ ነበር፣ ጉታ እንኳ ጋራዡን ዘግቶ ድንኳን ሲተክል ዋለ። እኔ ግን ብቻዬን ነበርኩ። ባትሪውን ተቀብያለሁ፤ ሬዲዮዋ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ትሠራለች።

የስድስት ቁጥር በር ያው ነው። ከፍ አድርገው ይዝጉት። አናጺ በመጣ ቁጥር "እትዬ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ እኮ ነው" ይለኛል፣ እኔ ሌላ ቀን እለዋለሁ።

ሌላም ልንገርህ። ማህተሙን ረስቼው ነው ያልኩት ለሩፋኤል ነው። አንተን ምን ብዬ ልዋሽህ? በቀን ስንቴ የምመታውን ነገር እንዴት እረሳለሁ? ማህተም ቀራጩ እኮ ከሩፋኤል ሱቅ ቀጥሎ ነው፤ በየሳምንቱ ሰላም ብዬው አልፋለሁ። ቁጥሩ ሲደበዝዝ ቀለም የምጨምረው እኔ ነኝ። ዌብሳይቱ ላይ ሲወጣ ግን ሰው ይደውልልሃል ብዬ አላሰብኩም፣ ስልኩን እስከ ዛሬ ትይዘዋለህ ብዬም አላሰብኩም። እኔ አንተን ብሆን ገና ድሮ ቀይሬው ነበር። ለምን እንዳልቀየርከው አልጠይቅህም፤ አንተም ማህተሙን አትጠይቀኝ።

በል እንግዲህ ሐቢባ መንገደኛ ናት፣ ላሰናብታት። እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ፣ በሰው አገር ክፉ አይንካህ፣ ዓይንህን ይማርልህ። የአሶሳን ሙቀት እንደማትወደው አውቃለሁ፤ ውሃ ጠጣ። መልስህን በደብዳቤ ከሆነ በሐቢባ ላከው። በስልክ ከሆነ የእኔ ቁጥር ዌብሳይቱ ላይ ከታች በትንሹ ተጽፏል።

ልዘጋው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሐቢባ ብቻዋን ወደማታውቀው አገር ስትመጣ "አይዞሽ፣ ሚስቴ ትቀበልሻለች" ብለሃታል። ለሐኪሙም እንደዚያው፣ ለኢንጂነሩም እንደዚያው። የነገርካቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አርሜልሃለሁ። እሱን አላረምኩትም።

ተዋበች

ማህተሙን ከሥር መትቼበታለሁ። አዲስ ቀለም ነው፣ ቁጥሩ በደንብ ይነበባል።