የጋሽ ይልማ ሞተር

ሰኞ፣ መጋቢት 1 ቀን 78

ሞተሩን ስነካው ሞቀኝ። ለአጎቴ አልነገርኩትም።

ዛሬ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ድረስ ይዞኝ የሄደው ዓይኔ ጤነኛ፣ እጄም ቀጭን ስለሆነ ነው። እሱ መካኒክ ነው፤ ግን ብረት ላይ ያለ ትንሽ ጽሑፍ አይታየውም። መነጽር ግዛ ሲሉት ይቆጣል።

ቤቱ የእትዬ አስካለ ነው። ባላቸው ጋሽ ይልማ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ሥራ በያዙ ዓመት ያን ትልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና አዲስ ገዙ፤ እዚህ አገር መስል ካር የሚሉትን። አምና ሞተሩን አውርደው ሊያድሱት ሲሉ ሞቱ። መኪናው ጋራዥ ውስጥ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ሞተሩ አጠገቡ የብረት ማቆሚያ ላይ ነው፣ ነጭ አንሶላ ለብሶ። ሰው የተገነዘ ይመስላል።

እትዬ አስካለ "ቀስ ብላችሁ አውሩ" አሉን። ማን እንዳይሰማ እንደሆነ አልጠየቅንም።

ቅዳሜ አንድ ሰውዬ ከሚልፒታስ ሊገዛ ይመጣል። ሞተሩ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የነበረው ከሆነ ዋጋው በጣም ትልቅ ነው፤ እትዬ አስካለ የባንክ ዕዳቸውን ከፍለው በቤታቸው ይኖራሉ። በኋላ የተለወጠ ከሆነ ግን ተራ ብረት ነው፣ ቤቱም ይሄዳል። ድሮ አንድ ጋራዥ ለውጦባቸዋል የሚል ወሬ አለ።

እሳቸው ግን የጠየቁን ሌላ ነው። "የይልማ ካልሆነ ንገሩኝ። ሲመሽ የሚያንኳኳው እሱ ካልሆነ እኔም ተኝቼ ልደር።"

ስንመለስ አጎቴ "ሰው ማፈርሽ አንሶ ብረትም ታፍሪ ጀመር?" አለኝ። እጄን ቶሎ ስለሳብኩ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ከትምህርት ቤት በኋላ ተመልሰን ሄድን። ጾም ስለገባ እትዬ አስካለ ሽሮ ሠርተው ጠበቁን። አልበላልኝም።

ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከመኪናው ቁጥር ጋር ገጠመ። እኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አጎቴ ግን "ቁጥር ማንም ሌባ በመዶሻ ይመታል" አለ። አታላዮች የድሮውን ቁጥር ሞርደው አዲስ ይመታሉ። ያልተሞረደ ከሆነ ከቁጥሩ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠኑ የፋብሪካ መስመሮች ይኖራሉ። ፈለግኩ። ዝገት በልቷቸዋል።

ቀረ የተሠራበት ቀን። ከኋላ በኩል፣ ሥሩ ላይ ነው ያለው። አጎቴ ባትሪ ያዘልኝ። ጉንጬን ብረቱ ላይ አስጠግቼ አነበብኩለት፤ ሲ፣ ከዚያ 14፣ ከዚያ 9።

"ፊደሏ ወሩ ናት" አለኝ። "ኤ አንደኛው ወር፣ ቢ ሁለተኛው። 14 ቀኑ ነው፤ ዘጠኟ የፈረንጆቹ ስልሳ ዘጠኝ ናት።"

በጣቴ ቆጠርኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ህዳር። "ህዳር" አልኩት።

መኪናው የተገዛው በዚያው ዓመት፣ በሰኔ ሚካኤል ነው። እትዬ አስካለ ስንገባም ስንቀመጥም ነግረውናል። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። በፈረንጅ ዓመት ህዳር ከሰኔ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ታዲያ ህዳር የተሠራ ሞተር ሰኔ በተሸጠ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?

"እትዬ፣ ይሄ የሳቸው አይደለም።"

እሳቸው ተቀመጡ። "ተመስገን" አሉ፣ ጮክ ብለው። አንሶላውን ገፈው ለእጥበት ወሰዱት።

እኔ ግን ጉንጬ እዚያ እያለ ከውስጥ ጠቅ ሲል ሰምቻለሁ። ከእሳት የወረደ ድስት ሲቀዘቅዝ እንደሚለው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

አጎቴ ደወለላቸው። ምንም ሳይሰሙ እስኪነጋ ተኝተዋል። ደስ ብሎታል። "መካኒክ ነኝ ስል ለካ ደብተራም ነኝ" ይላል።

ያልገባኝ ነገር፦
ሞተሩ ዓመት ሙሉ አልተነሳም። ለምን ሞቀኝ?
ፀሐይ ነው እንዳልል ጋራዡ መስኮት የለውም።
ባለቤት የሌለው ብረት ከሆነ ለምን አፈርኩት?

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

መምህሯ ጠዋት ጠዋት ሰሌዳው ላይ ቀኑን ትጽፋለች። በየቀኑ እገለብጠዋለሁ፣ አስቤው ግን አላውቅም። ዛሬ 3/13 ብላ ጻፈች።

ሦስተኛው ወር ማርች ነው። መጋቢት ነው! የአሜሪካ ፋብሪካ ከመስከረም አይቆጥርም። መጋቢት የተሠራ ሞተር ሰኔ በተገዛ መኪና ውስጥ ቢገኝ ምንም አይገርምም። የጋሽ ይልማ ነው።

ለአጎቴ ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። "እዚህ አገር ስንት ዓመቴ! እኔም እኮ አብሬሽ ህዳር አልኩ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።

"በል ንገራቸው" አልኩት።

"ህዳር ያልሽው አንቺ፣ መጋቢት የምትይውም አንቺ። ኮል አድርጊላቸው።"

እኔ ለማንም ደውዬ አላውቅም። ዝም ካልኩ ይተኛሉ፣ ቅዳሜ ግን ሞተሩን በተራ ብረት ዋጋ ሸጠው ቤታቸውን ያጣሉ። ከተናገርኩ ደግሞ እሱን መልሼ አመጣባቸዋለሁ። ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ።

አርብ፣ መጋቢት 5

ደወልኩ። ድምፄ ጠፍቶ ሁለቴ "ማነው?" አሉ።

"እትዬ፣ ወሩን ተሳስቼ ነው። ሞተሩ የጋሽ ይልማ ነው።"

 ስልካቸው ወጥ ቤት ነው፣ ከጋራዡ ግድግዳ አጠገብ። በስልኩ ውስጥ ሰማሁት። ጠቅ። ቆየት ብሎ፣ ጠቅ።

"እትዬ፣ ምንድነው እሱ?"

"እሱ ነዋ። ሦስት ቀን ጸጥ ብሎ፣ አንቺ አፍሽን ስትከፍቺ ጀመረ።"

ማልቀስ አማረኝ። ይቅርታ አልኳቸው።

"የምን ይቅርታ! ቤቴን ወስደውብኝ ሜዳ ላይ ከምተኛ እዚሁ ያንኳኳ። ነገ ከአጎትሽ ጋር ነይልኝ።"

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ሰውዬው የራሱን ማጉያ መነጽር ይዞ መጣ። ረጅም ጊዜ ከሥሩ ተኝቶ አየ። ሲ ላይ ሲደርስ "ማርች" አለ፣ በጣቱ እንኳን አልቆጠረም። ኦሪጅናል ነው ብሎ ትልቁን ዋጋ ከፈለ።

ሞተሩንም መኪናውንም ጭነው ሲወስዱ እትዬ አስካለ እስከ በሩ ድረስ እጃቸውን ከሞተሩ አላነሱም። "ሂድ ይልማ። ሰውዬው ካንተ የተሻለ ጋራዥ አለው" አሉት። ሰውዬው ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ሁን ነው ያሉት አልኩት። ሌላውን ተውኩት።

አጎቴ ሚልፒታስ ድረስ ሄዶ አብሮ አራግፎ እስኪመለስ፣ እትዬ አስካለ "ልጅቷን ተውልኝ፣ ብቻዬን አልሁን" አሉት። ገና አልመሸም። ሶፋው ላይ ጫማቸውን ሳያወልቁ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ ያንኮራፋሉ። እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ወንበሬን ከግድግዳው አርቄ።

እስካሁን ምንም አልሰማሁም። አጎቴ ቶሎ ቢመጣ ደስ ይለኛል።