ብርቱው ያንቺ፣ ደካማው የኔ

ቁሐር ሚካኤል፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ውድ ትሁን፣

ጤናሽንም የልጅሽንም ጤና እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኔ አያልነህ ደኅና ነኝ፤ አባትሽ ግን ደኅና አይደሉም። ባለፈው ሳምንት ወደ ይፋግ የላክነው ሰው «አልመጣም ብላለች» ብሎ ተመለሰ። አባትሽ አያ መንግሥቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከዚያ ወዲህ እህል የሚሉት ነገር አልቀመሱም። ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢልኝ።

እግራቸው ካበጠ ሦስት ወር ሆነ። በቃሬዛ ተሸክመን ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስደናቸው ነበር፤ እንደሄዱ መጡ። ዛሬ አስተማሪ ነኝና ጎረቤቱ ሁሉ «አንተ የተማርኸው፣ እስኪ አንድ ነገር አድርግ» ይለኛል። ምን ላድርግ? አጠገባቸው ተቀምጬ ዝንብ አባርራለሁ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዓመት ትዝ ይልሻል? መምህራችን ስለ ብርታትና ስለ ድካም ስልሳ የእንግሊዝኛ ቃላት አጽፎን፣ ተቃራኒ ማውጣት ፈተናው ላይ አይቀርም አለን። እኔ የቄስ ተማሪ ነበርሁና ዳዊት እንደሚደገመው በዜማ እንያዘው አልሁሽ። እስከ ወረታ ትምህርት ቤት ድረስ ረግረጉን እየረገጥን አንቺ «ስትሮንግ» ስትዪ እኔ «ዊክ»፣ አንቺ «ማይቲ» ስትዪ እኔ «ፊብል»። አንድ ገበሬ ሞፈሩን እንደያዘ ቆሞ «ይኼ ደግሞ የየት አገር ማኅሌት ነው?» አለን። «ብርቱ ብርቱውን እኔ ልበል፤ ያንተ ድምፅ ራሱ ደካማ ነው» ብለሽ ስቀሽብኛል። እውነትሽን ነበር።

በዚያው ዓመት ጥር ሊያጩሽ ሽማግሌዎቹ ከይፋግ መጡ። ውል የሚጽፉት ደብተራ ለቅሶ ሄደው ስለነበር ውሉን እንድጽፍ እኔን ጠሩኝ። ስምሽን፣ የባልሽን ስም፣ የሚሰጥሽን ጊደር ሳይቀር በእጄ ጻፍሁ። ይህንንስ ታውቂያለሽ። የማታውቂው ሌላ ነው።

አባትሽ ውሉ ላይ ጣታቸውን ከማኖራቸው በፊት «ና እስኪ» ብለው ወደ በረቱ ወሰዱኝ።

«አያልነህ፣ እኔ ፊደል አላውቅ። ይች ልጅ ፈተናውን ታልፋለች? ታልፋለች ካልኸኝ እስከ መጭው ጥር ቆዩኝ እላቸዋለሁ። ልፈተን ብላ ስትለምነኝ ከረመች፣ አንጀቴን በልታዋለች» አሉኝ።

እንደምታልፊ አውቅ ነበር። ከስልሳው አንድም አያመልጥሽም። ግን ሽማግሌዎቹ በበሩ ያዩናል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ አባቴም መካከላቸው ተቀምጧል። «እኔ እንጃ፣ አያ መንግሥቴ» አልሁ። ፍርሃት ነው እያልሁ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ሁልጊዜ አንደኛ አንቺ፣ ሁለተኛ እኔ ነበርንና ቅናትም ሳይኖርበት አይቀርም። ሌላ ነገር እንድጨምር ጥቂት ጠበቁኝ። «እንግዲያው የእግዜር ፈቃድ ነው» ብለው ገቡ።

ሰኔ ላይ ተፈተንሁ። ቃላቱ ሁሉ መጡልኝ፣ ያንቺዎቹም ጭምር። አንደኛ ወጣሁ።

ትናንት ልነግራቸው ጀምሬ ነበር። «አያ መንግሥቴ፣ ያን ጊዜ በበረቱ...» ስል «ተወው ልጄ፣ የበደልኋት እኔው ነኝ» ብለው አቋረጡኝ። ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ አለቀስሁ፤ ይኸው ነው ያደረግሁት።

አምስት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን ያልረገጥሽው ትምህርቴን ከለከሉኝ ብለሽ ነው። አልከለከሉሽም፣ ትሁን። ሊያስቆዩሽ ፈልገው አንድ ሰው ጠየቁ፤ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ቂምሽን ወደኔ አዙሪው። ስትመጪ ዓይኔን ማየት ካልፈለግሽ ከመንደሩ እወጣልሻለሁ። ብቻ በሕይወት ድረሽባቸው።

በዳይሽ፣
አያልነህ