ከኮርኒስ በላይ የቀረው ልስን

መርሳ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽ የክፍል ጓደኛዬ፤

«ቤቴ እስካሁን ለምን አላለቀም?» ብለሽ ሳትጠይቂ አልቀረሽም። ከመልሱ በፊት ግን ደኅንነትሽን ልጠይቅ። የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሻል? የእናትሽ እግርስ ተሻላቸው? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ፊቴ ብቻ ሲሚንቶ መስሏል።

ቤቱ መልክ ይዟል። የብሎኬቱ ግድግዳ ቆሞ የጣሪያው ሶሌታ በኮንክሪት ከተሞላ ወር አልፎታል። ሁለታችን ለመመረቂያ በነደፍነው መሠረት፣ የመርሳ ፀሐይም የመኪና መንገዱ አቧራም እንዳይገባ፣ ውስጡን አንድ ቀዳዳ ሳናስቀር እየለሰንን ነው። ትዝ ይልሻል፣ የመኝታ ቤቱን መስኮት አንቺ ስታሰፊው እኔ ሙቀት ያስገባል ብዬ ሳጠብበው? እንዳልሽው ሰፊ አድርጌዋለሁ፤ ጥላ ብቻ ጨመርኩለት። ከሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ሁለት ሰዎች ቤቱን ሊያዩት እንመጣለን ብለዋል። ይኼ ከተሳካ ሌላ ሥራ አላጣም።

ከግንበኛው ከጋሽ ጀብሪል ጋር ያልተከራከርንበት ቀን የለም። በአገሩ ልማድ ልስን ኮርኒስ የሚመታበት መስመር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ማን ያያል? እኔ ግን ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፣ ነፋስ ያሳልፋል፣ እስከ ሶሌታው ይለሰን አልኩ። «ቤት እንደ ሰው ነው፤ ካልተነፈሰ ይሞታል» አሉኝ። «በመስኮቱ ይተንፍስ እንጂ በግድግዳው አይተንፍስ» አልኳቸው። ስቀው፣ «እሺ ኢንጂነር፣ ለሚስትህ ስትሠራ ደግሞ በሩንም እንዳትደፍንባት!» አሉ። ከመኝታ ቤቱ በቀር ሁሉንም ክፍል እንዳልኩት አድርገው ጨረሱ።

ማክሰኞ ዕለት እጮኛሽ ሄኖክ መጣ። መኝታ ቤቱ መሃል ቆሞ ክንዱን ዘረጋና፣ «አልጋችን እዚህ ነው አይደል፣ ጎበዝ?» አለኝ። አብሮት ለመጣው ሰው ደግሞ አሠራሩን እሱ ራሱ ያሰበው አስመስሎ አወራለት። ሲሄድ ጋሽ ጀብሪል «ይች ክፍልስ እስከ ላይ ነው?» ቢሉኝ፣ «ኮርኒሱ ጋ ይብቃት» አልኩ።

እውነቱ ይኸው ነው። ሄኖክ አቧራው ይግባበት ብዬ ነው። አንቺም እዚያው እንደምትተኚ የረሳሁ ይመስል።

ትናንት መስኮቶቹን በላስቲክ ሸፍነን፣ ቀዳዳ ቀርቶ እንደሆነ ለማየት እርጥብ ገለባ አጭሰን ቤቱን ዘጋነው። ከውጭ ዞረን ስናይ ጭሱ በዚያች ክፍል ግድግዳ ብቻ ይወጣል። ጋሽ ጀብሪል ጭሱን አዩ፣ እኔን አዩ። «አንተ ልጅ፣ ይች ክፍል ምን አድርጋህ ነው የጠላሃት?» አሉኝ። ዛሬ እሳቸው መሰላሉን ያዙልኝ፣ እኔ በእጄ ለሰንኩት። የመዘግየቱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ሄኖክ ይወቅ ካልሽ ንገሪው። ሥራውን ለሌላ ቢሰጥም አልቀየምም።

ልስኑ ሲደርቅ፣ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ፣ እንደገና እናጨሳለን። መጥተሽ በዓይንሽ ብታይው ደስ ይለኛል፤ በጠዋቱ መኪና ከተነሳሽ ከምሳ በፊት መርሳ ነሽ።

ፈጣሪ ጎጆሽን የሰላም ያድርግልሽ፤ እናትሽንም ይማርልሽ። እመጣለሁ ወይም አልመጣም ብለሽ አንዲት መስመር ጻፊልኝ። ሄኖክ ሥራ ከበዛበት ግን አታስቸግሪው።

የክፍል ጓደኛሽ