ለደብሩ የተባለው ወይን

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ከሰዓት 10፡00

ሰባተኛው በርሜል ተከደነ። አንድ ይቀራል። ወይኑን እንደ አምናው አልጨመቅሁትም፤ ከነዘለላው ነው የከተትሁት። ፍሬው ሳይፈርጥ እዚያው ቆዳው ውስጥ ይፈላል። ቀለል ያለ፣ ፍሬ ፍሬ የሚሸት ቀይ ወይን ጠጅ የሚወጣው እንዲህ ሲሆን ነው። እስከ ስምንት ቀን ክዳኑን የሚነካ ወዮለት። የሚነካ ግን የለም፤ በዚህ ግቢ ከእኔ በቀር ሰው የለም።

መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ቀልድ አያውቅም። 26 ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ በገዛ ጓዳዬ ታፍኜ ብገኝ ተማሪዎቼ መሳቂያ ያደርጉኛል።

ወገቤ አልቋል። ከሐርቡ ኮምቦልቻ ሦስት ምልልስ በኪራይ ፒካፕ። ሐጂ ይመር ጎሕ ሲቀድ አስለቅመው ጠበቁኝ። ሳጥኖቹን በሙዝ ቅጠል ሸፍነዋቸዋል። እንደ ልማዳቸው ሁለቱን ሳጥን ለብቻ አቆይተው፣ ዱዓ አድርገውባቸው፣ ለነዚህ ዋጋ የለም አሉኝ። ለደብሩ ነው።

ለደብሩ። ደብተሬ፣ ይህን ጉዳይ ላንቺም ጽፌልሽ አላውቅም። ነገ። ዛሬ ደክሞኛል።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ፣ ጧት

እሺ፣ ልጻፈው።

ሐጂ ይመር የአባቴ ወዳጅ ናቸው። አባቴ ሲሞት ድንኳኑን የተከሉት እሳቸውና ልጆቻቸው ናቸው። ከሐርቡ ወጣ ብሎ በመስኖው ዳር የወይን ማሳ አላቸው፤ ፍሬውን ለመብል ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ይልኩታል። የዛሬ ሦስት ዓመት ብዙ እፈልጋለሁ ብዬ ሄድሁ። አንዲት ሴት ይህን ሁሉ ምን ታደርገዋለች ብለው ጠየቁ። አፌን ሳልከፍት ራሳቸው መለሱት፦ ለቁርባኑ ዘቢብ ነው፣ አይደል? ደስ አላቸው። በኛ ቤተ ክርስቲያን የደረቀ ዘቢብ በውኃ ታሽቶ እንጂ ጠጅ ሆኖ እንደማይቀርብ ያውቃሉ። የማያሰክር ነገር ነው፤ ለጸሎት ቤት ነው።

ራሴን ነቀነቅሁ። ያደረግሁት ይኸው ነው። አንድ ቃል አልተናገርሁም።

ጠጅ ልጠምቅበት ነው ብል አይሸጡልኝም ነበር። በሃይማኖታቸው ተጠያቂው ጠጪው ብቻ አይደለም፤ የሚጠምቀውም፣ የሚሸጠውም፣ እያወቀ ወይኑን የሚሰጠውም ነው። ወሎ ተወልዶ ይህን አላውቅም የሚል ውሸታም ነው። እኔ ደግሞ ወይኑን ፈለግሁ። ከኩታበር ሞክሬያለሁ፤ ብርዱ አያበስለውም፣ ይኮመጥጣል። ከሩቅም አስመጥቻለሁ፤ ጠጁ ጠቆረ፣ ከበደ፣ ምላስ አደረቀ። የሐርቡ ግን ቀኑን ፀሐይ፣ ማታ ነፋስ፣ ሥሩ አሸዋ። ቀይነቱ በብርጭቆ ውስጥ ጣትሽን ያሳይሻል።

ጻፍሁት። አልቀለለኝም።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ደሴ ደርሼ መጣሁ። ሆቴል ያለው ብርሃኑ ካምና የተረፈችውን ጠርሙስ ቀመሰ። መጀመሪያ እንደሁሉም ሰው፣ ቀይ ሲባል ከለስላሳ ጋር ደባልቆ ሊጠጣ ነበር። እጁን ያዝሁት። ትንሽ ቀዝቀዝ አድርገህ ብቻውን ሞክረው አልሁ። ሞከረ። ለስላሳውን ወደ ጎን ገፋው።

የዘንድሮውን በሙሉ ለገና ይወስዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ፦ መለያ ይለጠፍበት፣ «የሐርቡ ቀይ» ይባል፣ ከታች «ከሐጂ ይመር ማሳ» ተብሎ ይጻፍ፣ የማሳው ፎቶ ይኑርበት። መንገደኛ የሚጠጣው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይወዳል ይላል። ስማቸውን የነገርሁት እኔ ነኝ። አፌ።

የምመኘው እኮ ይኸው ነበር። የአንድ አገር ወይን፣ ከሌላ ያልተቀላቀለ፣ በስሙ የሚጠራ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ስመኝ ነበር። ላስብበት ብዬው ተነሣሁ። በሚኒባሱ ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ።

ሐጂ የሆነ ሰው፣ ስሙ በጠጅ ጠርሙስ ላይ። ልጆቻቸው ደሴ ይመላለሳሉ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ክዳን ተነሣ። ጨመቅሁ። እጄ እስከ ክርን ሮዝ ሆኗል። ሽታው የበሰለ እንጆሪ፣ ትንሽ ሙዝ። ግቢው ሁሉ ሸተተ። አበባ ሻጯ ጎረቤቴ በአጥር አንገቷን ብቅ አድርጋ ማርመላታ ነው ወይ አለች። ነው አልኋት። ውሸት ቀሎኛል ማለት ነው።

ስኳሩ ገና አላለቀም። ሳምንት ይፈላል። ደስ ብሎኛል፣ ምን ልበል። ሥራው ሲያምር ሌላው ሁሉ ይረሳል።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ ቀትር

ሚካኤል። ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ፣ ቄስ አለማየሁ፣ ጥላ ሥር ጠሩኝ። እሑድ ለሁለት ባላገሮች የድንበር ጠብ ሽምግልና ተቀምጠው ነበር፤ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ሽማግሌ ነበረበት። ሐጂ ይመርም ነበሩ። በሰው ሁሉ ፊት ሐጂ ወደ እሳቸው ዞር ብለው፣ በአልማዝ እጅ የላክሁት ወይን ለቁርባናችሁ ደረሰላችሁ ወይ፣ አላህ ይቀበለው ብለው ጠየቋቸው። ቄሱ ምን ወይን እንደሆነ አያውቁም። የሽማግሌ ፊት እንዳይጠቁር ብለው አሜን አሉ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ብቻ አሉ፦ «አልማዝ፣ እኔ ለእርቅ ተቀምጬ ዋሸሁ። ለምን እንደዋሸሁ እንኳ ሳላውቅ።»

ነገርኋቸው። ሁሉንም። መስቀሉን አሳለሙኝና ንገሪያቸው አሉኝ። ሌላ ምክር የላቸውም።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ምንም አልሠራሁም። ጠጁ በርሜል ውስጥ ሲንሾካሾክ አዳምጣለሁ። በሐጂ ተናደድሁ። ለምን ያምናሉ? ለምን አንድ ቀን እንኳ፣ የደረቀውን ዘቢብ አሳይኝ አይሉም? ሦስት ዓመት!

ከዚያ በራሴ ተናደድሁ። ይኼኛው ይበልጥ ልክ ነው።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ብርሃኑ ደወለ። ማተሚያ ቤት መለያውን ሰኞ ይፈልገዋል። ፎቶውስ? አለ። ነገ ሐርቡ እሄዳለሁ አልሁት። ፎቶ ላነሣ መሰለው፤ ጎበዝ አለኝ።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 11፡00

ነገርኋቸው።

እንደደረስሁ፣ አፊያ ነሽ፣ ጾም ያዛችሁ አይደል፣ አሉ። ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የቆየ ቅጠል እየለቀሙ ነበር፤ እጃቸው ሥራ አይፈታም። መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋኝ። ወይኑ ለደብር ሄዶ አያውቅም፣ ጠጅ ነው የምጠምቅበት፣ ሦስቱንም ዓመት፣ አልሁ። የመረቅሁባቸውንስ ሁለት ሳጥኖች? ብለው ጠየቁ። እነዚያንም አልሁ። ሌላውን እንዴት እንደምል አላውቅም፤ የኔ ውሸት ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ፣ ፊት ለፊት ግን ትልቅ ነው።

አልጮኹም። ቅጠሉን ከእጃቸው ጣሉ። ቄሱ ያውቁ እንደነበር ጠየቁ። አያውቁም፣ እርስዎን ላለማሳፈር ነው አሜን ያሉት አልሁ። አዎ፣ ደግ ሰው ናቸው አሉ።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መጥመቅሽ ያንቺ ነው፣ በሃይማኖትሽ የሚጠይቅሽ አለ። እኔን ግን ለምን ከዱዓዬ አጎደልሽኝ? ወላሂ በያመቱ ያንን ሳጥን ስሰጥሽ ሌሊቱን ደስ ብሎኝ ነው የማድረው።»

የጣሉትን ቅጠል ከመሬት አነሣሁት።

ካሁን በኋላ አንድ ዘለላ እንደማይሰጡኝ ነገሩኝ። ቂም አይደለም፣ አይሆንም ነው። በጠርሙስ ላይ የሳቸው ስም ቀርቶ የሐርቡ ስም እንዳይጻፍ ለመኑኝ። ለመኑኝ! እሳቸው እኔን። የዙሁር ሰዓት ሆነና ለሶላት ተነሡ።

እኔም ልሄድ ስል ባለቤታቸው ወ/ሮ ዘይነባ ምሳ ይዘው መጡ። ምንም አልሰሙም። ጾም መግባቱን አስበው በጧት ምስር ወጥ ሠርተውልኛል፤ ቅቤ ያልነካው ድስት ነው ብለው ማሉልኝ። እምቢ ማለት አይቻልም። በላሁ። ሐጂ ከመስጊድ አልተመለሱም።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ለብርሃኑ ደወልሁ። የሐርቡ ስም አይጻፍም አልሁ። ምክንያቱን ነገርሁት። ሳቀ፣ ከዚያ አዘነ፣ ከዚያ መላ አመጣ። ለዘንድሮ የሐጂን ስም ትተን «የሐርቡ ቀይ» ብቻ እንበል፤ ለከርሞ ደግሞ ወይኑን ከሌላ አገር አስመጪና በዚሁ ስም እንቀጥል፣ ማን ያውቃል፣ አለ።

ማን ያውቃል። እኔም የዛሬ ሦስት ዓመት እንደዚሁ ነበር ያልሁት።

ያለ ስም፣ «ቀይ ወይን ጠጅ» ተብሎ ብቻ ይሸጥ አልሁት። ስም የሌለውንማ ማንም ያመጣልኛል ብሎ ተወው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነጋዴ ነው። የገናው ነገር ቀረ።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ወደ ንጹሕ በርሜል አጠለልሁ። ወገቤ። ዝቃጩን አትክልቱ ሥር ደፋሁት። ከኩታበር የሚበቃ ወይን ቢገኝ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል… አይገኝም። ይህን ሐሳብ ሞክሬ ጨርሻለሁ።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ቀመስሁ።

እንደዚህ ያለ ወጥቶልኝ አያውቅም። መጀመሪያ እንጆሪ፣ ከዚያ ሮማን፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ነገር። ቀላል ነው፤ ሸክም የለውም፣ ምላስን አይጫንም። ኮምጠጥ ማለቱ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። አበባ ሻጯ ጎረቤቴን ጠርቼ ሰጠኋት፤ ይኼ ማርመላታ አይደለም ብላ ሳቀች፤ አይደለም፣ ዋሽቼሽ ነበር አልኋት። ሁለተኛ ጠየቀች። ቀዳሁላት።

እሷ ስትሄድ አለቀስሁ። ልሸፍነው አልፈልግም፣ አለቀስሁ። ከእንግዲህ ይህን አልሠራም። ሦስት ዓመት ፈልጌ ያገኘሁት ነው፤ ያገኘሁበት መንገድ ደግሞ መልሶ ወሰደው። የማላዝንበትን ቦታ እየፈለግሁ ነው፤ የለም።

10፡00 ሰዓት ግድም ስልክ። ሐጂ ይመር። ድምፃቸውን ስሰማ ተነሥቼ ቆምሁ፣ ክፍል ውስጥ እንደገባ ተማሪ።

የድንበሩ ሽምግልና ቅዳሜ ኮምቦልቻ ይቀጥላል። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ይኖራሉ። ለነዚያ ሰዎች ሁሉ ለደብር ወይን ሰጠሁ ብያለሁ አሉኝ። እውነቱን ማወቅ አለባቸው። እኔ ብናገረው ግን አንቺን ማማት ይሆንብኛል፤ ሰው ሳይኖር ስለሰው ማውራት አልወድም። አንቺው መጥተሽ ንገሪልኝ አሉ።

ሁሉም ይኖራሉ? አልሁ። እዚያ የሚቀመጡትን አውቃቸዋለሁ። የግማሾቹን ልጆች አስተምሬያለሁ። እትዬ መምህርት እያሉ ከመንገድ ገለል የሚሉልኝ ሰዎች ናቸው።

«ፈራሽ? አብሽሪ፣ አጠገብሽ ነው የምቀመጠው» አሉኝ።

እመጣለሁ አልሁ።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ጽዮን። አስቀደስሁ። ለቄስ አለማየሁ ነገርኋቸው። እሳቸውም አሜን ማለታቸውን ይናገራሉ፤ ተራ እንያዝ አሉና ፈገግ አሉ። ከኔ በፊት እንዲናገሩ አልፈቀድሁም። የኔን ነገር እኔ እጀምረዋለሁ።

ጠጁ ይቀመጥ። በርሜሉ ላይ የለጠፍሁትን «ሐርቡ» የሚል ወረቀት ልጬዋለሁ። ምን እንደማደርገው ገና አላወቅሁም፤ ለነገ የሚሆን ጥያቄ አይደለም።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ፣ ጧት 2፡15

ነጠላዬን ለብሻለሁ። ባጃጁ ደጅ ቆሟል፤ አንዴ ጥሩምባ ነፍቷል። ሦስት ሰዓት ላይ መድረስ አለብኝ። እዚያ ስቆም እንዳለፈው ቃል እንዳይጠፋኝ እዚህ ጽፌው ልሂድ፦

ጤና ይስጥልኝ አባቶቼ። የሐርቡ የመምህር ወልዴ ልጅ አልማዝ ነኝ። ሐጂ ይመር ወይናቸውን የሰጡት ለጸሎት ቤት ነው፤ ስጦታቸው እውነት ነበር። ያላደረስሁት እኔ ነኝ።