ሥጋ ያልቀረበበት ሠርግ

ውድ አያ ካሣዬ፣

ዐይንህ ደከም ብሏል ሲሉ ሰምቼ ፊደሉን አተልቄዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስደውልልህ ኖርኩ ብል ውሸት ነው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ አላነሳህም፤ ተውኩት። ወረቀቱን የምታመጣልህ ሚስትህ ናት። ወለተሩፋኤልን አትቆጣት፤ የለመንኳት እኔ ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ እማማ ዘሀራ ቤት ለቅሶ መጥተህ አይቼሃለሁ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። አንተ ድንኳኑ ውስጥ ከልጃቸው ከሐምዛ ጎን ተቀምጠህ ነበር። ደፍሬ እስክወጣ ሄደሃል። ለምን እንደመጣህ አልጠይቅህም። እኔ ግን ያልነገርኩህ ነገር አለ፤ እሱን ልጻፍልህ።

እናታችን ስታርፍ እኔ ስምንት ዓመቴ፣ አንተ ሃያ ሁለት ነበርክ። ከዚያ ወዲያ እናትም አባትም አንተ ሆንክ። ስምንተኛን ስጨርስ «ኤሌኒ ጎንደር ገብታ ትማር» ያልከውም፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ጭነህ እስላሞቹ ሰፈር አዲስ ዓለም ድረስ ቤት የፈለግክልኝም አንተ ነህ። እማማ ዘሀራ ያኔ ባላቸው ሞቶ ክፍል ያከራዩ ነበር። «ልጅቷ ክርስቲያን ናት» ስትላቸው አጠገብህ ቆሜያለሁ። «የኛን ሥጋ አትበላም፤ ግድ የለም። ጎመንና ድንች ሃይማኖት የለውም» አሉህ። ሳቅህ። በዚያ ቤት ስድስት ዓመት ኖርኩ፤ አራቱን ተማሪ ቤት፣ ሁለቱን ምግብ ዝግጅት ስማር።

ያልነገርኩህ ከዚያ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሰሞን የእኔ ወጥ በትንሽ ድስት ለብቻው ይሠራ ነበር፤ ጥግ ይዤ ብቻዬን እበላለሁ። እማማ ዘሀራ ይህን ሁለት ሳምንት ያህል አዩ። ከዚያ እራት ላይ ሥጋ ማቅረብ ተዉ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። ሐምዛ ሲያጉረመርም «ያለውን ብላ» ብቻ ነው ያሉት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሦስታችን ከአንድ ትሪ ዱባ፣ ምስር፣ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ በላን። በመተማ በኩል ባሚያ ሲመጣ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ይሠሩታል፤ ከአንዲት የሱዳን ሴት የተማሩት ነው። እኔ ወጥ ማጣፈጥ የተማርኩት ኮሌጅ አይደለም፤ እዚያ ጓዳ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ታውቃለህ። ደባርቅ ላይ ለቱሪስት ምግብ አብሳይ ሆኜ ስቀጠር «በቅሎ ተከትላ ዱር የምታድር ሴት» ብለው ሲያሙኝ ዝም ያሰኘሃቸው አንተ ነህ። ሰሜን ተራራ ላይ ግማሹ እንግዳ ሥጋ አይበላም ነበር። ከፍታው ደግሞ ባቄላ አያበስልም፤ ጨነቅ በሚባለው የድንኳን ሰፈር ቢቀቀል ቢቀቀል ጠጠር ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚበስል አትክልት መማር ነበረብኝ፤ አስተማሪዎቼም እንግዶቹ ሆኑ። አንዲት ቱርካዊት ደበርጃንን፣ ያን ወይን ጠጅ መልክ ያለውን፣ ገበያ ላይ ብዙ ሰው አልፎት የሚሄደውን፣ ከነልጣጩ ፍም ላይ ጣለችው። ልጣጩ አርሮ ውስጡ ሲለሰልስ ገፈፈችና በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በዘይት አሸችው። አንድ የሕንድ አስተማሪ አበባ ጎመንና ድንች ያለ ጠብታ ውኃ፣ በዝንጅብልና በእርድ፣ ክዳኑን ገጥሞ በገዛ እንፋሎቱ አበሰለልኝ። አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ደግሞ የእኔን ጎመን ቀምሰው ብዙ አብስለሽዋል አሉኝ፤ አላፈሩም። የፈላ ውኃ ውስጥ ነከር አድርገው አወጡት፣ ጨመቁት፣ በተቆላና በተወቀጠ ሰሊጥ ለወሱት። ሰሊጡ የመተማ ነው። እኛ ግን እንዲያ አድርገነው አናውቅም።

በየወሩ ስወርድ የተማርኩትን ለእማማ ዘሀራ እሠራላቸዋለሁ። እያላመጡ «ይኸ የማን አገር ነው?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። «እነሱም ድሃ ኖረው ያውቃሉ ማለት ነው» ይላሉ።

ጦርነቱ ሲመጣ እንግዳ ቀረ። ጎንደር ተመልሼ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈትኩ። ነርስ ከሆነው ከአበራ ጋር የተዋወቅነውም እዚያ ነው።

የሠርጋችን ቀን ሊቆረጥ አካባቢ የአበራ የአክስቱ ልጅ ተዳረች። እማማ ዘሀራን ይዤ ሄድኩ። እንደ ወጉ ለሙስሊም እንግዶች ከጓሮ ሌላ ድንኳን ተተክሏል፤ የታረደላቸውም ለብቻ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ እንዲያውም በክብር ነበር ያስገቧቸው። እኔ ሰሃኔን ይዤ ተከትያቸው ስገባ አስተናጋጁ የእኔ ቦታ ወዲያ እንደሆነ ነገረኝ። እማማ ዘሀራም «ሂጂ፣ ሰው ያይሻል» አሉኝ። ሄድኩ። የዚያን ዕለት ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ቤት ስገባ ለአበራ በእኛ ሠርግ አንድ ድንኳን ብቻ ይተከላል፣ ሥጋ አይገባም አልኩት። ዘመዶቹ እንደሚቀየሙ ነገረኝ፤ ከዚያ ያንቺዎቹስ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ያን ኅዳር አንተ ዘንድ ትክል ድንጋይ መጣሁ። ሳልቀመጥ ወደ በረት ወሰድከኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትጠምደው፣ ክክና አተላ እያበላህ ያደለብከውን በሬ አሳየኸኝ። «ይኸ ያንቺ ነው» አልከኝ።

እውነቱን ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩ። አንተ አሳድገኸኝ ሳለህ ሌላ እናት አለችኝ፣ እሷን ብዬ በሬህን አልፈልግም ማለት አቃተኝ። ስለዚህ እንደ ተማረ ሰው አወራሁህ። በዓለም ላይ ሰው ሥጋ እየተወ ነው አልኩህ። የቱርኳን፣ የሕንዱን፣ የጃፓኑን ቆጠርኩልህ። አላቋረጥከኝም። ስጨርስ፣

«ምነው ኤሌኒ፣ የካሣዬ እህት በጎመን ተዳረች ሲሉኝ ምን ልበላቸው?» አልከኝ።

«ጎመን በጤና በላቸው» አልኩህ።

ያኔ ብልህ መልስ መስሎኝ ነበር። አንተ የበሬውን ጀርባ እየዳበስክ «ሸጋ» አልክ። ከዚያ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም።

የሠርጉ ዕለት ማለዳ ወለተሩፋኤል ብቻዋን ከማኪና ወረደች። በሬውን ጎሕ ሲቀድ አርደህ ዘመዱን ሁሉ ደጅህ ላይ እንደጠራህ፣ እሷም ሹልክ ብላ እንደመጣች ነገረችኝ። ለሰዎቻችን ስልሳ ወንበር አስቀምጬ ነበር። አንዱን ለእሷ ሰጠሁ። ሃምሳ ዘጠኙን ጎረቤትና የምግብ ቤቴ ደንበኛ ተቀመጠበት። አላለቀስኩም። ድንች የሚልጡትን ሴቶች አፋጠንኩና ወደ ምድጃዬ ተመለስኩ።

ስለ ድግሱ ሰው አጣምሞ ነግሮህ ሊሆን ይችላል። ሠላሳ ኪሎ ደበርጃን ፍም ላይ ጠብሰናል። አበባ ጎመኑ በሁለት ትልልቅ ድስት በእንፋሎቱ በስሏል። ጎመን በሰሊጥ ነበረ፤ ባሚያውም እንደ እማማ ዘሀራ አሠራር ነበረ። ዱባ ወጥ፣ ሽሮና ምስር አልቀረም። ከጠላው ጎን ለማይጠጣው ብርዝ አድርገናል። የአበራ አጎት ሁሉንም ቀምሰው ካበቁ በኋላ ዋናው ምግብ መቼ እንደሚመጣ ጠየቁኝ። ይኸው ነው ስላቸው ሦስት ሰው አስከትለው ወደ ሥጋ ቤት ሄዱ። የአበራ እናት ወይዘሮ መንበረ ግን ከእማማ ዘሀራ ጋር ከአንድ ትሪ በሉ፤ ደበርጃኑንም ሦስቴ አስጨመሩ።

ጉልበት የምስምበት ሰዓት ሲደርስ ከእኛ ወገን የሚቀመጥ ሽማግሌ አልነበረም። እማማ ዘሀራን አስቀመጥኳቸው። ስጎነበስ ትከሻዬን ይዘው «ወንድምሽ የታለ?» አሉኝ። አሞታል አልኩ። ወለተሩፋኤልን አዩዋት፤ እሷ መሬት መሬት አየች። ያን ጊዜ ገባቸው።

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ አጥፍተሻል» አሉኝ። «ድንኳን መለየቱን ለምጄዋለሁ። ወንድም መለየት ግን አይለመድም። ሄደሽ ታረቂው።»

እሺ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ ቤታቸው ስሄድ «ሄድሽ?» ይሉኛል። አንዴ መንገዱ አያስኬድም አልኩ፤ እውነትም ነበረ። ሌላ ጊዜ ሥራ በዛ አልኩ። ሌላ ጊዜ እሱ ነው የበደለኝ፣ እሱ ይምጣ አልኩ። ተቆጥተውኝ አያውቁም። በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ይጠይቁኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከመሞታቸው ሁለት ቀን በፊት አልጋ ላይ ሆነው፣ የፈጨሁላቸውን የካሮት ሾርባ ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ያንኑ ጠየቁኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ አልኳቸው። ልሄድ አስቤ አልነበረም። እሑድ ጠዋት ዐረፉ።

የለቅሶውን ምግብ ሦስቱንም ቀን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ከአንድ ላይ እንዲበላ ሥጋ አላስገባሁም፤ ሐምዛም እንዲያ ነበር የፈለገው። ማክሰኞ ምስርና ጥቅል ጎመን እያወጣሁ በጓዳው መስኮት ሳይ አንተ ጫማህን አውልቀህ ትገባለህ። እጄ ላይ ያለውን ትሪ ለሌላ ሴት ሰጠሁና ዞሬ ቆምኩ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ሐምዛ የሆነውን ነገረኝ። ምግቡን ማን እንደሠራው ጠየቅከው። እኔ መሆኔን ሲነግርህ መብላትህን አላቆምክም። ስትጨርስ እጅህን ታጠብክና «ስድስት ዓመት እህቴን አበሉልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላልኳቸውም» አልከው። ከዚያ ተነስተህ ወጣህ።

አያ ካሣዬ፣ ይህን ስሰማ ነው ልጽፍልህ የወሰንኩት። በሬህን የናቅሁት ለዓለም ብዬ አልነበረም። ለአንዲት ሴት ብዬ ነው፤ እሷንም የመረጥክልኝ አንተ ነህ። ይህን በረት አጠገብ ብነግርህ ምን ትል እንደነበር አላውቅም። ተቆጥተህም ቢሆን ትመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። ዕድሉን ያልሰጠሁህ እኔ ነኝ። አንተም ዘመዶቼን ከሠርጌ ማስቀረትህ ልክ አልነበረም። እሱን አልደብቅህም፤ አሁንም ያመኛል። ሁለቱንም የምጽፍልህ አንዱ ሌላውን እንዲያጣፋ ብዬ አይደለም። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው ማኪና እመጣለሁ። አበራ አብሬሽ ልሂድ ብሎኝ ነበር፤ ብቻዬን ይሻላል አልኩት። ምግብ ይዤ አልመጣም። ጓዳ ልግባም አልልም። እንግዳ ሆኜ እቀመጣለሁ፣ ያቀረብክልኝን እበላለሁ።

እህትህ
ኤሌኒ
ጎንደር፣ ጥቅምት