ያልተለበለበው ቧንቧ

ሰኞ

በመጨረሻ እጄ ላይ ወደቀ። ጋሽ ታደለ!

እዚህ ስዊድን፣ ከቮርቢ ጎርድ ባቡር ጣቢያ በላይ ለተሠራው አዲስ ሰፈር የተዘረጋውን የውኃና የፍሳሽ መስመር የሚረከበው የእኛ መሥሪያ ቤት ነው። ፈትሼ የምፈርመው ደግሞ እኔ። ዛሬ ለቤሲክትኒንግ፣ ለርክክብ ምርመራው ማለት ነው፣ ስሄድ፣ ብርቱካንማ ጃኬት ለብሶ በር ላይ የሚጠብቀኝ የገንቢው ድርጅት የሥራ መሪ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አዲስ አበባ ሃይድሮሊክስ ያስተማረኝ ሰውዬ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን "እሱ" ነው።

"ሰናይት! አንቺ ነሽ እንዴ?" ብሎ ሊስመኝ መጣ። እጄን ዘረጋሁለት። እሱ መቼም ረስቶታል። የፈተና ወረቀቴን ክፍል ውስጥ ከፍ አድርጎ፣ "ይህች ልጅ ከተማ ሙሉ ሕዝብ ታጠጣለች፤ በሊትር ይሁን በበርሜል ግን አታውቅም" ያለውን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኮርሱን ደገምኩ። እስክመረቅ ድረስ ስሜ "በርሜል" ነበር።

ሥራው፦ የፍሳሹ መስመር በካሜራ ታየ፣ አለፈ። የመጠጥ ውኃው በግፊት ተሞከረ፣ አለፈ። የቀረው የባክቴሪያ ናሙና ነው። ናሙና ከመቀዳቱ በፊት የቧንቧው አፍ፣ ላዩ ላይ ያለው ጀርም እንዲሞት፣ በእሳት ይለበለባል። የማቀጣጠያዬ ጋዝ አልቆ ነበር። ትርፉ መኪና ውስጥ፣ መኪናው ታች፣ ዝናቡ ደግሞ ልክ የለውም። በጓንቴ ጠረግ አድርጌ ቀዳሁ። ጋሽ ታደለ አጠገቤ ቆሞ ጃንጥላ ያዘልኝ። ቅጹ ላይ "ተለብልቧል" የሚለው ቦታ ምልክት አደረግኩ። ከዚህ በፊትም እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ፣ ምንም ሆኖ አያውቅም።

ረቡዕ

ውጤት መጣ። ባክቴሪያ ተገኝቷል! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሌላ ሰው ስለማያነበው እጽፈዋለሁ፤ ደስ አለኝ።

ስልክ ደውዬ መንገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሄጄ ሠራተኞቹ ፊት ነገርኩት፣ በስዊድንኛ፣ ቀስ ብዬ፣ ሁሉም እንዲገባቸው። "መስመሩ በደንብ አልታጠበም።"

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ በአማርኛ።

"እርግጠኛው ላቦራቶሪው ነው" አልኩት። ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቀ። ያቺን ሳቅ ስንት ዓመት ጠብቄያታለሁ።

ሐሙስ

መስመሩን በክሎሪን አጥበው ጠሩኝ፤ ሁለተኛ ናሙና። ዛሬ አዲስ ጋዝ ይዣለሁ። እሳቱ ቦግ ብሎ ሲነሣ ትዝ አለኝ። የሰኞው ናሙና! ባክቴሪያው ከመስመሩ ሳይሆን ከቧንቧው አፍ፣ ወይም ከራሴ ጓንት ሊሆን ይችላል።

ጋሽ ታደለ እሳቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጠርሙሱን ሞላሁ።

የድርጅታቸው ሼፍ፣ አለቃው፣ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። ሰዎች ቤታቸው የሚገቡበት ቀን ተራዝሟል። "ማጠቡን ያዝረከረከ ሰው እዚህ አይቆይም" ሲል ሰማሁት። ጋሽ ታደለ ጡረታ ሊወጣ የቀሩት ጥቂት ወራት ናቸው።

ምናልባት መስመሩ እውነትም ቆሻሻ ነበር። ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም። ራሴን ሊያመኝ ነው መሰለኝ።

እሑድ

ሽማግሌ ተላከብኝ! ሻርሆልመን፣ ቤቴ ድረስ። የቤተ ክርስቲያናችን ቄስና የማኅበራችን ሰብሳቢ አቶ መኩሪያ፣ ነጠላቸውን በካፖርት ላይ ጣል አድርገው። ለጋብቻ ሽማግሌ ሳይመጣልኝ ለቧንቧ መጣልኝ።

ቄሱ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄዱ ቆዩና፣ "ልጄ፣ ሰው ነንና እንሳሳታለን። ነገ ታደለን ከሥራ ሊያነሱት ነው። አንድ ቃል ብትናገሪ ይተርፋል" አሉ።

"እሱ ነው የላካችሁ?"

"አነጋግሯት፣ አስተዋይ ልጅ ናት፣ ነው ያለን" አሉ አቶ መኩሪያ።

ለመነኝ ማለት ነው። ያ ኩሩ ሰውዬ! "አባ፣ ባክቴሪያ በሽማግሌ አይታረቅም" አልኳቸው። አቶ መኩሪያ ሳያስቡት ሳቁ። ቄሱ ግን አልሳቁም። "ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት" ብለው ተነሡ። ያቀረብኩትን ሻይ እንኳ አልቀመሱም።

ማታ ማኅበሩ ውስጥ ወሬ ሆኜ አድራለሁ። ይሁና።

ሰኞ

የሁለተኛው ናሙና ውጤት፦ ንጹሕ።

ቮርቢ ጎርድ ስደርስ ጋሽ ታደለ ቦት ጫማቸውንና ፔርሙዛቸውን ፌስታል ውስጥ እየከተቱ ነበር። ጠዋት ነው የነገሯቸው። ዝም ብዬ ማለፍ ስችል አፌ አላርፍ አለ። "አዝናለሁ ጋሽ ታደለ። ግን ሽማግሌ ቢላክም ሕግ ሕግ ነው" አልኳቸው።

"ሽማግሌ የላክሁት እንድታሳልፊኝ አይደለም" አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ጃንጥላውን የያዝኩልሽ እኔ አይደለሁ? ጋዙ ማለቁን አይቻለሁ። ራስሽ ትናገሪው እንደሆነ ብዬ ነው።"

"ታዲያ ለምን ለሼፉ አልነገሩትም?"

ፌስታሉን ቋጠሩ። "አንድ ጊዜ ሰው ፊት አዋርጄሻለሁ፣ በርሜል ብዬ። ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም።" ከዚያ ወደ ቱነልባናው፣ ወደ ከተማው ባቡር፣ ቁልቁል ሄዱ። ልከተላቸው አስቤ ቆሜ ቀረሁ።

ቢሮ ገብቼ ቅጹን ከፈትኩ። ፍሳሽ፦ አልፏል። ግፊት፦ አልፏል። ናሙና፦ አልፏል። "አስተያየት" የሚለው ላይ፣ የመጀመሪያው ናሙና ስሕተት የእኔ ነው ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ። አጠፋሁት። ባዶውን ፈርሜ ላክሁ። ውኃው አሁን ተከፍቷል።

ሲስተሙ እስከ ዓርብ ድረስ ማስተካከል ይቻላል ይላል። ዛሬ ገና ሰኞ ነው።