ወረቀት ምን አደረገህ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ካዝናው መጣ። የሽጉጥ ካዝና... ሽጉጥ የሌለው። እዚህ አገር ሕጉ እንደዚህ ነው፣ መጀመሪያ ካዝና፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ ሽጉጥ። እዚህ ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ ያለው ሕንፃችን ሊፍት ደግሞ ዛሬን ጠብቆ ተበላሸ! ከተኩስ ክለቡ አሰልጣኜ ከፊሊፕ ጋር እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸከምነው። ወገቤ ተቆረጠ።

ሚስቴ ጁመና በሩ ላይ እጇን አጣምራ ጠበቀችን። “ይሄንን ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው የምትጎልተው?”

ሌላ የት ላድርገው? ሳሎን?

ለሰው እንዳትነግሪ አልኳት። “ለማን እነግራለሁ?” አለች። ለማን ይሆን! ሮመን ሰፈር ያለችው ወሬኛዋ ሐዋ ጓደኛዋ አይደለች?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ክለብ ዋልኩ። ስድስት ወር ሙሉ በሰው ሽጉጥ ተለማምጄ፣ አሁን የራስህን ምረጥ ተባልኩ። ሪቮልቨር ነው የምፈልገው፣ ያንን የጥይት ቤቱ የሚዞረውን። ከዚያ ቀስ እያልኩ አሮጌ አሮጌውን እሰበስባለሁ። ይህን ማለት ነበር ጥፋቴ። ሁሉም አዋቂ ሆነ። አንዱ ትልቁን ያዝ ይላል፣ ሌላው አፈሙዙ ረጅም ይሁን ይላል፣ ሦስተኛው ሪቮልቨር የሽማግሌ ነው ይላል። ፊሊፕ ብቻ ረጋ ብሎ “ለመጀመሪያ ሃያ ሁለት ካሊበር። ጥይቱ ርካሽ ነው፣ እጅ አይመታም” አለኝ።

“እኔ የምፈልገው የአባቴን ዓይነት ነው።”

“የማን ሥሪት ነበር?”

እንጃ። የእንጨት እጀታ ነበረው። ኮምቦልቻ፣ አባባ ምንጣፉ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ሲያጸዳው... ወንድሜ ሰዕድ ታላቅ ነው ተብሎ ሽጉጡን ይይዛል፣ እኔ ዘይት አቀባይ። የሚያውቀው ሰዕድ ነው። ሞርተንሩድ ነው ያለው፣ በባቡር ብዙም አይርቅም። ግን አልነጋገርም ከሱ ጋር። ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው።

አባባ ሲሞት ሰዕድ እዚያው ኮምቦልቻ ነበር። ያኔውኑ ቀበረው፤ ይሁን፣ የእኛ ወግ ነው። ግን ሦስት ቀን ደበቀኝ! መርዶ በስልክ አይነገርም ብሎ፣ በማለዳ ሽማግሌ ልኮ አስነገረኝ። እኔ እነዚያን ሦስት ቀኖች አውቶቡሴን እየነዳሁ አፏጭ ነበር። አባቴ አፈር ውስጥ፣ እኔ ፉጨት። ይሄን እንዴት ነው ይቅር የምለው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

መስጊድ ውስጥ ሰው ሁሉ ሰላም እያለኝ ኪሴን ያያል። ምን ሆነዋል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሐጂ ሙሐመድሁሴን፣ ከኋላቸው ጋሽ ገነነ። ያኔም የአባባን ሞት ያረዱኝ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

“ማን ሞተ?”

“እስካሁን ማንም” አሉ ሐጂ።

እስካሁን!

ተቀመጡ ብላቸው አይቀመጡም። ጁመና ሻይ ብታቀርብ አይነኩም። “ቃልህን ሳትሰጠን ውሃም አንቀምስ።” የምን ቃል? “ሽጉጡን ተው።”

“ሐጂ፣ ለስፖርት እኮ ነው። የምተኩሰው ወረቀት ነው።”

“ወረቀት ምን አደረገህ?”

ያ አላህ! ዒላማዬን አምጥቼ አሳየኋቸው፣ እንዲገባቸው ብዬ። ጭራሽ አባስኩት። ጋሽ ገነነ ቀዳዳዎቹን በጣታቸው እየነካኩ ወደ ሐጂ ዞረው “አይስትም ማለት ነው” አሉ።

ከዚያ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ሙስዓብ፣ የእናትህ ልጅ ነው እኮ። ወንድም በወንድሙ ላይ መሣሪያ አያነሳም” አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። ሰዕድን! እኔ ሰዕድን ልገድል! ጁመናን አየኋት፤ ፈጥና ወደ ኩሽና ገባች። ለሐዋ ነግራለች፣ ሐዋ ለሮመን ነግራለች፣ ሮመን ለኦስሎ።

“ሰዕድ ሰምቷል?”

“ሰምቷል።”

“ምን አለ?”

“ዝም አለ” አሉ ጋሽ ገነነ።

ሽጉጡን አልተውም፣ ወንድሜን ግን አልነካም ብዬ ማልኩ። ለዚህም ይማላል? ያኔ ተቀመጡ። ሻዩ ቀዝቅዟል ብለው ደግሞ ሌላ አስፈሉ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ዝም አለ... አመነ ማለት ነው? ሁለት ዓመት ስንኮራረፍ አንድም ቀን እንደዚህ አልተሰማኝም። ወንድሜ እገድለዋለሁ ብሎ ካመነማ ምን ቀረን? ጁመና ይቅርታ ትላለች። አልመለስኩላትም። ደግሞ እንዳላኮርፋት እፈራለሁ፣ ኩርፊያ እንደሆነ ለምዶብኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ከሥራ ስገባ ሰዕድ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ሸብቷል። መቼ ነው የሸበተው?

“ልትገድለኝ ነው አሉ። መቼ ነው? ሐሙስን ተወው፣ ሥራ እገባለሁ።”

“አመንክ?”

“አንተን? በግ ሲታረድ ዓይኑን የሚሸፍነውን?”

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ?”

“ጋሽ ገነነ ፊት እንዴት ልሳቅ?”

እኔ ግን አልሳቅኩም። የያዝኩት ሁሉ ወጣ። ደረጃው ላይ ጮህኩበት፣ ጎረቤት በሩን ከፍቶ እስኪያየን። ሦስት ቀን! እያፏጨሁ! አንድ ስልክ መደወል አቅቶህ!

“ደውያለሁ” አለ። “ሃሎ ስትል ድምፅህ ደስ ብሎት ነበር። አፌን ያዘኝ። ስለ በረዶው ጠይቄህ ዘጋሁት።”

አስታወስኩ። ለካ ያ ነበር... “እዚያ በረዶ ጣለ ወይ?” አለኝ። እኔም ስለ መንገዱ ማማረሬን ቀጠልኩ። ይሄ ሰውዬ አባታችንን ቀብሮ መጥቶ የእኔን በረዶ ሲያዳምጥ ነበር።

“አውፍ በለኝ” አለ።

በሩን ከፈትኩለት። “አውፍ ብዬሃለሁ፣ ግባ” አልኩት።

እራት ላይ የአባባ ሽጉጥ የማን ሥሪት እንደነበር ጠየቅኩት። ሳቀ። “የምን ስም? ማህተሙ ተፍቆ አልቋል። ደግሞ ተኩሶም አያውቅ፣ መምቻው የተሰበረ ነው። ለሠርግ ነበር የሚታጠቀው።”

ወይ ጉድ! እኔ ስድስት ወር ሙሉ ምን ስፈልግ ነበር?

“ስድስት ጥይት ይጎርስ ነበር ቢያንስ” አልኩ።

“አምስት።”

“ስድስት!”

“ማን ነበር የሚይዘው?”

ጁመና ሳህን አንስታ እስክትሄድ ተጨቃጨቅን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ፊሊፕ ያለውን መረጥኩ። ሃያ ሁለት፣ የእንጨት እጀታ፣ ስድስት ጎራሽ። ሶክናዴን፣ የፈቃድ ማመልከቻዬን፣ ለፖሊስ ካስገባሁ ሰነበተ። መልስ የለም። ጁመና ካዝናው ውስጥ የክረምት ጫማዎቿን አስገብታለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ፈቃዱ መጣ፣ ጫማው ወጣ፣ ሽጉጡ ገባ። ዛሬ ክለቡ እንግዳ ይፈቅዳልና ሰዕድን ይዤው ሄድኩ።

ፊሊፕ አጠገቡ ቆመ። እኔ ስድስቱንም አጎረስኩለት። አንድ ተኮሰ፣ ቆየ። እንደገና። አምስተኛዋን ተኩሶ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

“ናይ፣ ናይ፣ አላለቀም! አንድ አለ!” አለ ፊሊፕ።

“ሰዕድ፣ አንድ ይቀርሃል” አልኩት።

“ጨርሻለሁ። የአባባ አምስት ነበር።”

ድርቅናው! እዚህም! ደሜ ፈላ። ልመልስለት ዞር ስል ፊቱን አየሁት። እንባው አገጩ ደርሷል። አባባን ሲቀብርም ማን አጠገቡ ነበር?

አልተከራከርኩትም። ስድስተኛዋን እኔ ተኮስኩ። ጋሽ ገነነ ይስሙ፣ ወረቀቱን ሳትኩት።